በጨረር የቆዳ ሕክምና የዓይን ጥበቃ፦ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚመላለሱ ታካሚዎች ጉዳይ

ለለምጽና ለሶሪያሲስ በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚታከም ሰው ዓይኑን እንዲሸፍን ይታዘዛል። ጥንቃቄው የሚቆይበት ጊዜ ግን እንደ ሕክምናው ዓይነት እጅግ ይለያያል።

በ311 ናኖሜትር ገደማ የሚሠራው ጠባብ ባንድ ዩቪቢ በዋናነት የሚጎዳው ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ነው። ያልተሸፈነ ዓይን ከሰዓታት በኋላ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል፣ ያነባል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል። ጨረሩ እስኪጠፋ መከላከያ መነጽሩን አለማውለቅ ይበቃል።

ፑቫ የተባለው ሕክምና ሌላ ነው። ታካሚው አስቀድሞ ሶራሌን የተባለ ክኒን ይውጣል፤ መድኃኒቱ በደም ዞሮ የዓይን ሌንስ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሳለ ዩቪኤ የተባለው የአልትራቫዮሌት ጨረር ካገኘው ከሌንሱ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ሌንስ ደግሞ እንደ ቆዳ አሮጌውን እያራገፈ አይታደስም፤ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የዓይን ሞራ ማስከተሉ ታይቷል። ስለዚህ ክኒኑ ከተዋጠ ጀምሮ ለ24 ሰዓት መነጽር ማድረግ ይመከራል።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ክኒኑ የሚዋጠው ከጨረሩ 2 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ ቤቱ ውጦ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሕክምናው ለሚመጣ የሱሉልታ ሰው ጉዞው ራሱ የተጋላጭነት ጊዜ ነው። መልሱም እንዲሁ፤ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ። ታክሲ ውስጥ መስኮት ጥግ የተቀመጠ ሰው ከፀሐይ የተጠለለ ይመስለዋል። ተራ መስታወት ዩቪቢን አብዛኛውን ቢያግድም ዩቪኤን በብዛት ያሳልፋል፤ ሶራሌንን የሚያነቃው ደግሞ ይኸው ዩቪኤ ነው። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ይገኛል፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል።

ከመንገድ ዳር የተገዛ ጥቁር መነጽር ዋስትና አይሆንም። ጨረርን የሚያግደው ጥቁረቱ አይደለም፤ ቀለም አልባ ሆኖ እስከ 400 ናኖሜትር የሚያግድ ሌንስ ይሻላል፣ ጎኑም የተሸፈነ ቢሆን። (በደመና ቀን ማውለቅም ያው ስሕተት ነው።)

ሐኪሙ ምርጫ ካለው፣ ከሩቅ ለሚመላለስ ታካሚ ጠባቡን ዩቪቢ ማስቀደም ተገቢ ይመስለኛል። እሱም በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ያመላልሳል፤ ግን ክኒን ስለሌለው ታካሚው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሌንሱ ውስጥ ተሸክሞት የሚሄደው መድኃኒት የለም።