ቤቱም ይጫወታል፦ የሌድ ዘፔሊን «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» እና የቀረጻ ጥበብ

ስለ ክላሲክ ሮክ የሚጻፈው ትንታኔ በብዛት ግጥሙንና ጊታሩን ይከተላል፤ ድምፁ የተቀረጸበት ክፍል ምን ዓይነት እንደነበር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በእኔ እምነት አንዳንድ ሸክላዎች ያለዚህ ጥያቄ አይገቡም። ከእነዚህ አንዱ የእንግሊዙ የሮክ ቡድን ሌድ ዘፔሊን በኖቬምበር 1971 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያወጣው አራተኛ አልበም መዝጊያ «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ነው፤ ትርጉሙም «ግድቡ ሲደረመስ» እንደማለት ነው።

የዘፈኑ መነሻ ብሉዝ ነው። በ1927 የጸደይ ወራት የሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ግድቦች ተደርምሰው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈናቀለ። በሚሲሲፒ ግዛት በግሪንቪል ከተማ ጥቁር ሠራተኞች በጠመንጃ እየተጠበቁ ግድብ ላይ እንዲሠሩ ተገደዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ባልና ሚስቱ ካንሳስ ጆ ማኮይና ሜምፊስ ሚኒ ዘፈኑን በሁለት ጊታር ብቻ ኒው ዮርክ ውስጥ ቀረጹት። የሚዘፍነው ጆ ነው፤ የሚኒ ጣቶች ግን ከሥሩ እየተፍለቀለቁ ይሮጣሉ። ሙሾ የሚጠብቅ አድማጭ የሚያገኘው ቀልጣፋ፣ ለእግር መንገድ የሚመች ምት ነው።

ሌድ ዘፔሊኖች ይህን ቅልጥፍና ወደ ከባድ ሸክም ለወጡት። ለውጡ የተገኘውም በአመዛኙ ዘፈኑ ከተቀረጸበት ቤት ነው። በእንግሊዝ ሃምፕሻየር የሚገኘው ሄድሊ ግሬንጅ በ1795 ለድሆች መኖሪያነት የተሠራ ባለ ሦስት ደርብ የድንጋይ ቤት ነው። የሮሊንግ ስቶንስ ቡድንን ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ደጁ ላይ አቁመው፣ የጆን ቦንሃምን ድራም ከደረጃው ግርጌ ባለው አዳራሽ ተከሉት። የድምፅ መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክሮፎኖችን ከላይ ከደረጃው አንጠለጠለ፤ ለእግር ከበሮው የተለየ ማይክሮፎን አላቆመም። በመሆኑም ወደ ቴፑ የገባው ድምፅ በብዛት ግድግዳውንና ደረጃውን ነክቶ የመጣ ነው። ኮምፕረሰር የተባለው የድምፅ መሣሪያ ጎላ ያለውን ምት ተጭኖ ደካማውን ሲያነሳ፣ በምቶቹ መካከል የሚቀረው የአዳራሹ ትንፋሽ ጎልቶ ይሰማል። ቢንሰን ኤኮሬክ የተባለው ጣሊያን ሠራሽ የማሚቶ መሣሪያ ደግሞ ቦንሃም ያልመታቸውን ምቶች ጨመረበት። የመጀመሪያዎቹን ሰኮንዶች ብቻቸውን ቢያዳምጧቸው፣ የእግር ከበሮው ሁለት ጊዜ ረግጦ ሲያበቃ ማሚቶው ተከትሎት ሲረግጥ ይሰማል። ከዚያ የዘፋኙ የሮበርት ፕላንት ሃርሞኒካ ይገባል። ቴፑም ከተቀረጸበት ፍጥነት ቀንሶ እንዲዞር ስለተደረገ ምቱ ሁሉ ወፍሯል። ከሰባት ደቂቃ በላይ በሚዘልቀው በዚህ ዘፈን ቦንሃም ጥበቡን ለማሳየት አይቸኩልም፤ ያንኑ ምት ይዞ ይጸናል። ለእኔ የሮክ ድራመር ትልቅነት የሚለካው በዚህ ትዕግሥት ነው።

ቡድኑ ዘፈኑን በ1975 መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጊዜ መድረክ ላይ ሞክሮ መተዉ አይገርምም። ዜማውንና ግጥሙን ይዞ መጓዝ ይቻላል፤ የቀረጻውን ሥራና የደረጃውን ቦታ ይዞ መጓዝ ግን አይቻልም። በዚህ ምክንያት ቀረጻው ራሱ ድርሰት ነው እላለሁ፤ አንዲ ጆንስም ከድርሰቱ ባለቤቶች ጎን መቆጠር ይገባዋል።

ስለ ባለቤትነት ከተነሳ አንድ ቅሬታ አለኝ። በአልበሙ ላይ ከአራቱ ሙዚቀኞች ጋር የሜምፊስ ሚኒ ስም በደራሲነት ሰፍሯል፤ ይህ ተገቢ ነው። የጆ ማኮይ ስም ግን የለም። የጎርፉን ዘፈን በድምፁ ሸክላ ላይ ያኖረው እሱ ሆኖ ሳለ መዘለሉ፣ ሮክ ከብሉዝ ለወሰደው ውለታ ግማሹን ብቻ እንደመክፈል ነው።

ቀረጻው ራሱ ድርሰት ለመሆኑ ሌላ ምስክርም አለ። በ1986 ቢስቲ ቦይስ የተባሉት የኒው ዮርክ ራፐሮች የመጀመሪያ አልበማቸውን የከፈቱት ከዚሁ ቀረጻ በወሰዱት ከበሮ ነው። ከዘፈኑ ግጥሙን ትተው የቦንሃምን ምት ከነአዳራሹ ወሰዱ።