አሠልጣኝ ከተሰናበተ በኋላ
የሰውነት ቢሻው ዘመንና የአትክልት ተራ ክርክር

ስለ እግር ኳሳችን በሚነገረው ታሪክ ውስጥ ተጫዋች ይወደሳል፣ ዳኛ ይወቀሳል፤ የአሠልጣኝ ስም ግን ጎልቶ የሚነሣው በሁለት ቀኖች ብቻ ነው። አንደኛው የተሾመበት፣ ሁለተኛው የተሰናበተበት ቀን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድካም፣ ይኸውም የአሠልጣኙ እውነተኛ ታሪክ፣ ሳይጻፍ ያልፋል። ስንብቱ በተሰማ ማግሥት ግን ሁሉም መርማሪ፣ ሁሉም ፈራጅ ይሆናል። እኛም የሙያው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፍርዱ በኋላ እንደርሳለን። ስለዚህ አንድ የታወቀ ስንብት መርጦ፣ በስንብቱ ላይ የተነሣውን ክርክር ከነማስረጃው መመርመር ለማኅበራችን አባላት ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ክርክሩን ለማዳመጥ ከአትክልት ተራ የተሻለ ሸንጎ አይገኝም ነበር። በፒያሳና በመርካቶ መካከል የነበረው ይህ ገበያ እንቅልፍ አልነበረውም። የመቂና የዝዋይ ቲማቲም፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ የአዋሽ ብርቱካን በጭነት መኪና ሌሊቱን ይገባል፤ ተሸካሚው ሣጥኑን ያወርዳል፤ ደላላው ዋጋ ይጠራል፤ ጎሕ ሲቀድ ቸርቻሪው ተሻምቶ ይበተናል። ሥራው ረገብ ሲል ሻይ ቤቱ ይሞላል፤ ጨዋታውም ከሽንኩርት ዋጋ ወደ ኳስ ይሻገራል። ሠፈሩ ለዚህ ወግ ባዕድ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ የስፖርት ማኅበር በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ከዚያ ብዙ በማይርቀው በአራዳ ነው። ሽማግሌው የ1954ን ዋንጫ ከወጣቱ ጋር የሚያወጋበት፣ ወጣቱም «ጋሼ፣ እሱ ድሮ ቀረ» ብሎ የሚመልስበት ቦታ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. በዚህ ሸንጎ ላይ የቀረበው ጉዳይ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ የአቶ ሰውነት ቢሻው ስንብት ነበር። ተከራካሪው ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ሠላሳ አንድ ዓመት የተዘጋውን በር የከፈተ ሰው እንዴት ይባረራል?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «በሩን የከፈተው ዕድል ነው፤ ዕድልም ሲያልቅ አለቀ» ይላል። የሁለቱንም ቃል ለመመዘን አስቀድሞ የተደረገውን በቅደም ተከተል ማስታወስ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰለፈችው በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ትውልድ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ልጅ እስኪወልድ ድረስ ቡድናችን በውድድሩ ላይ አልታየም። ቀደም ሲልም ብሔራዊ ቡድኑን መርተው የነበሩት አቶ ሰውነት፣ የውጭ ሀገር አሠልጣኞች ከተሞከሩ በኋላ ኃላፊነቱን እንደገና ተረከቡ። በ2004 ዓ.ም. ከቤኒን ጋር የተደረገው ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ያለ ግብ፣ ኮቶኑ ላይ አንድ ለአንድ ተፈጸመ፤ ከሜዳ ውጭ በተገባችው ግብ ኢትዮጵያ አለፈች። ቀጥሎ በሱዳን ምድር 5 ለ 3 ተሸነፈች። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ግን አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ባስቆጠሯቸው ሁለት ግቦች አሸነፈች። ድምሩ አምስት ለአምስት ስለ ሆነ አሁንም ከሜዳ ውጭ የገቡት ግቦች አሳለፏት። በዚያ ምሽት ከተማይቱ እንዴት እንዳደረች ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል።

እንግዲህ «ዕድል ነው» የሚለው ወገን የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። በሁለቱም ዙሮች ኢትዮጵያ በድምር ማንንም አልበለጠችም፤ ያለፈችው በደንቡ ነው። አባባሉ በቁጥር ረገድ እውነት ነው። ነገር ግን ደንቡ ከግጥሚያው በፊት የታወቀ እንጂ በኋላ የወጣ አልነበረም። በባዕድ ሜዳ አምስት ግብ ተቆጥሮበት ሦስት ይዞ የሚመለስ፣ በሜዳውም ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ዐውቆ ግቡን ሳያስደፍር ያንኑ የሚያገኝ ቡድን በዕድል ብቻ ሊተረጎም አይችልም።

የአፍሪካ ዋንጫውም የመጀመሪያ ግጥሚያ በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከተማ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ተደረገ። ቀኑ በራሱ ታሪክ ነበረው፤ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበርና። ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር፣ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው የተጫወተው ቡድን በአዳነ ግርማ ግብ አንድ ለአንድ ወጣ። ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያም 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ።

የነቃፊዎቹ ብርቱ ማስረጃ የቡርኪና ፋሶው ሽንፈት ነው። ተጋጣሚው በረኛውን በቀይ ካርድ ካጣ በኋላ ሦስት ግብ መቆጠሩ በእርግጥ የሚያስተዛዝን ነው፤ ቡድኑ ወደፊት ሲገሠግሥ ከኋላው የተከፈተውን ሜዳ መዝጋት አለመቻሉን ያሳያል። ይህም የአሠልጣኙ ድርሻ ያለበት ጉድለት ነውና ሊሸፋፈን አይገባውም። ሆኖም ሚዛኑ እንዳያጋድል አንድ ነገር መጨመር አለበት፤ የዚያ ዓመት የፍጻሜ ግጥሚያ የተደረገው በናይጄሪያና በቡርኪና ፋሶ መካከል ነው። ከሦስቱ የኢትዮጵያ ተጋጣሚዎች ሁለቱ ለፍጻሜ የደረሱ ሲሆኑ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ያለፈው ውድድር አሸናፊ ነበረች።

ከዚህ በኋላ የመጣው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ተመድባ ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈች። መጀመሪያ ለእንግዶቹ ያገባው በርናርድ ፓርከር ነበር፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፤ ሁለተኛዋን የኢትዮጵያን ግብ ራሱ ፓርከር በገዛ መረቡ ላይ አስቆጠረ። ደስታው ሳይበርድ ግን በቢጫ ካርድ ቅጣት ምክንያት መሰለፍ ያልነበረበት ተጫዋች በቦትስዋናው ግጥሚያ መሰለፉ ተገለጠ፤ በሜዳ የተገኙት ሦስት ነጥቦችም ተቀነሱ። ቡድኑ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፎ፣ ቅጣቱም እያለ በ13 ነጥብ ምድቡን በአንደኛነት ጨረሰ፤ ደቡብ አፍሪካ በ11 ነጥብ ሁለተኛ ሆነች።

በዚህ ሁኔታ ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ከቀራቸው አሥር የአፍሪካ ቡድኖች አንዷ ሆነች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኃይሉ አሰፋ ቀዳሚውን ግብ ቢያስቆጥርም ናይጄሪያ በኢማኑኤል ኤሚኒኬ ሁለት ግቦች 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ሁለተኛዋ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በፍጹም ቅጣት ምት የተገኘች ነበረች። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0 ተፈጸመ። በዚያው ዓመት ጥር ወር በሀገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ በሚዘጋጀው የአፍሪካ ሀገሮች ሻምፒዮና ቡድኑ በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተሸንፎ፣ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተመለሰ። ስንብቱም ወዲያው ተከተለ።

እዚህ ላይ የአትክልት ተራ ሰው ራሱ የሚያውቀው ምሳሌ አለ። ቲማቲም ዋጋው የዕለቱ ነው፤ ማለዳ የተሻሙበትን ማታ የሚያነሣው የለም። ሽንኩርት ግን ከርሞ ይሸጣል። አሠልጣኝን በመጨረሻው ግጥሚያ ብቻ የሚመዝን ሰው ሽንኩርቱን በቲማቲም ሚዛን ያስቀምጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ጥቅምት 4ን ብቻ እያነሣ ጥርን የሚዘነጋም ሰው ሚዛኑን በአውራ ጣቱ ተጭኗል።

ይህ ፍርድ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሰር አልፍ ራምዚ እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝን ለዓለም ዋንጫ አበቁ፤ ቡድናቸው ከፖላንድ ጋር አቻ ወጥቶ ከቀጣዩ የዓለም ዋንጫ ሲቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ተሰናበቱ። የሃንጋሪው ጉስታቭ ሼበሽም በ1952 የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘውን ታላቅ ቡድን መርተው፣ በ1954 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በርን ላይ በምዕራብ ጀርመን 3 ለ 2 በመሸነፋቸው ወቀሳው አልለቀቃቸውም። ዛሬ ግን የሁለቱም ስም በሀገራቸው የኳስ ታሪክ በክብር ይነሣል። ጊዜ ራሱ አንድ ዳኛ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃ ካላቀረቡለት ዳኛም ይሳሳታል።

ሽማግሌዎቹ በክርክሩ መካከል የክቡር አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ስም ማንሣታቸው አይቀርም። አቶ ይድነቃቸው ሃያ ሦስት ዓመት ለጊዮርጊስ ተጫውተው፣ በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት መርተው ለዋንጫ ያበቁ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ናቸው። «የርሳቸው ነው እንጂ ድል!» ይላሉ ሽማግሌዎቹ። የ1954ቱ ድል ትልቅነት አያጠራጥርም። ቀድሞ ሁለት ጊዜ ዋንጫውን የወሰደችው ግብፅ፣ በወቅቱ ስሟ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜ አቻ ከተደረገች በኋላ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ተሸንፋለች። ሆኖም የዚያን ጊዜው ውድድር አራት ቡድኖች ብቻ የተካፈሉበት፣ በሜዳችን የተደረገና ሁለት ግጥሚያ ማሸነፍ የሚበቃበት ነበር። የ2005ቱ ደግሞ አሥራ ስድስት ቡድኖች የተካፈሉበት፣ በማጣሪያ የሚደረስበት ነበር። ሁለቱን ማወዳደር ላንዱ ለማድላት ሳይሆን፣ እያንዳንዱን በዘመኑ ሁኔታ ለመረዳት ነው።

ታዲያ የሙያው ሰው በምን ይመዝን? በእኛ አስተያየት ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ምን ተረከበ? በእጁ ምን ሠራ? ምን ትቶ ሄደ? አቶ ሰውነት የተረከቡት ሠላሳ ዓመት ገደማ ከታላቅ ውድድር የራቀ ቡድን ነበር። በእጃቸው አፍሪካ ዋንጫ ደረሰ፤ የዓለም ዋንጫንም ደጅ መታ። በሁለቱ ጥያቄዎች ተሟጋቾቻቸው ይረታሉ። የካርዱ ስሕተት የቡድን መሪው፣ የጽሕፈት ቤቱ ወይስ የአሠልጣኙ ነው የሚለው ክርክር ያላለቀ ቢሆንም፣ ስሕተቱ ካርድ መቁጠር የአንድ ሰው ኃላፊነት ሆኖ በግልጽ መመደብ እንዳለበት አስተምሯል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። ከርሳቸው በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በ2006 ዓ.ም. ተሾመው ከአንድ ዓመት በኋላ ተሰናበቱ። ቡድኑ የ2007፣ የ2009ና የ2011 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫዎች አመለጡት። እንደገና የታየው በአቶ ውበቱ አባተ አሠልጣኝነት በ2014 ዓ.ም. በካሜሩን ነው። ነቃፊው «አየህ፣ መሠረት አልጣለም» ይላል፤ ደጋፊው «አየህ፣ እሱን የሚተካ አልተገኘም» ይላል። ያው ባዶ ዘመን ለሁለቱም ወገን ምስክር ሆኖ ይቆማል።

እኛ ግን ሁለቱም አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለናል። መሠረት መጣል የአንድ አሠልጣኝ ሥራ ብቻ አይደለም። የታዳጊዎች ሥልጠና፣ የሜዳ፣ የክለቦችና የውድድር አስተዳደር ጉዳይ ከብሔራዊ አሠልጣኝ ሥልጣን በላይ ነው። በአሠልጣኝ እጅ ያለው ሌላ ነው፤ ይኸውም የሠራውን ጽፎ ማስረከብ ነው። የትኛው ተጫዋች በምን ልምምድ እንደ በረታ፣ ከሱዳኑ የመልስ ግጥሚያ በፊት ምን እንደ ታሰበ፣ በቡርኪና ፋሶ ጊዜ ምን እንደ ተሳሳተ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ተተኪው ከዜሮ አይጀምርም ነበር። ስንብት በቁጣ ሲሆን ግን ርክክብ የለም፤ ዕውቀቱ ከሰውየው ጋር ተሸኝቶ ይወጣል። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንዲሉ፣ ምሳሩን ከማንሣታችን በፊት ፍሬውን ብንለቅም በተሻለ ነበር።

አትክልት ተራም ራሱ ተሰናብቷል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ የጥንቱ የስፖርት ሜዳ የቲማቲም ሣጥን ተደረደረበት። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጥምቀት ሳይደርስ ከጃን ሜዳ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ሸንጎው ቢበተንም ክርክሩ አልተበተነም፤ ነጋዴው ከነሽንኩርቱ ይዞት ሄዷል። አቶ ውበቱም በተራቸው በ2015 ዓ.ም. ሲሰናበቱ ያው ሙግት በአዲስ ስም ተነሥቷል።

ወደፊትም ይነሣል። የሻይ ቤቱ ተከራካሪ በትዝታው ቢፈርድ አይወቀስም፤ መብቱም ፍቅሩም ነው። እኛ ግን የሙያው ባለቤቶች በትዝታ ብቻ ከፈረድን፣ ነገ በእኛም ላይ በትዝታ ይፈረዳል። የማኅበራችን አባል የሆነ አሠልጣኝ ሁሉ፣ በታላቅ ክለብም ሆነ በትምህርት ቤት ቡድን፣ ሥራውን ሲለቅ የጽሑፍ ርክክብ ትቶ የመሄድ ልማድ ቢጀምር፣ የስንብት ቀን የፍርድ ቀን መሆኑ ቀርቶ የሒሳብ መዝጊያ ቀን ይሆናል። ይህን ለመጀመር ከቀለምና ከወረቀት በቀር የሚጠይቀው ወጪ የለም።