የሼርፖይንት መጠባበቂያና መመለሻ ሶፍትዌር

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የሥራ ትብብር መድረክ፣ በሼርፖይንት፣ ላይ ያሉ ሰነዶችን፣ ገጾችንና የተጠቃሚ ፈቃዶችን ቅጂ የሚይዝና ሲጠፉ የሚመልስ ፕሮግራም ነው።

ድርጅቱ በራሱ ሰርቨር በሚያስተዳድረው ሼርፖይንት ይዘቱ በዋናነት የሚቀመጠው በኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ዳታቤዙን መቅዳት የግድ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ አንድ የተሰረዘ ፋይል ለማውጣት ሙሉውን ዳታቤዝ ሌላ ቦታ መጫን ሊያስፈልግ ይችላልና። ስለዚህ በምርጫው ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ሶፍትዌሩ ነጠላ ሰነድን ከነቀደምት እትሞቹና ከነፈቃዱ ለይቶ መመለስ መቻሉ ነው። ፈቃዱን ሳይዝ የተመለሰ የደመወዝ መዝገብ ለማይገባው ሰው ሊታይ ይችላል፤ ይህ አንዳንዴ ከመጥፋቱ የከፋ ጉዳት ነው።

በክላውድ በሚሠራው ሼርፖይንት ኦንላይን የተሰረዘ ፋይል በሪሳይክል ቢን የሚቆየው 93 ቀን ነው። ሒሳቡን በዓመት አንዴ ለሚያስመረምር ድርጅት ይህ አጭር ነው።

ገዢው የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ እንደሚችለው፣ በስንት ሰዓትስ ወደ ሥራ መመለስ እንዳለበት አስቀድሞ ይወስናል። ቅጂው የመድረኩ አስተዳዳሪ አካውንት በማይደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ያን አካውንት የያዘ የራንሰምዌር አጥቂ ቅጂውንም ሊያጠፋ ይችላል። ውል ከመፈረሙ በፊትም የሙከራ ሰነድ ሰርዞ በሶፍትዌሩ ማስመለስ ይገባል።