ገዳዩ ጤዛው አልነበረም፦ የፈረስ በሽታና የትንኟ ታሪክ

ሰኔ ግም ብሏል፣ ሁላችሁም እርሻ ላይ ናችሁ። እኔ ግን ዛሬ ስለ ዘር ሳይሆን ስለ ፈረስና በቅሎ ላወጋችሁ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲለመልም፣ ትናንት ሣር ሲግጥ የዋለ ፈረስ ዛሬ ባፍንጫው አረፋ እየደፈቀ ወድቆ ይገኛል። ጋሪ የምትነዱ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ፈረሱ ሞተ ማለት የቤቱ ገቢ ቆመ ማለት ነው። በሽታው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይባላል። ምክሩ ከታሪኩ ውስጥ ስለሚወጣ እስቲ ከታሪኩ እንጀምር።

ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሂድ። ከአውሮፓ የመጡት ሰፋሪዎች በ1600ዎቹ ፈረስ ከባሕር ማዶ አስመጡ። የአገሩ የሜዳ አህያ ምንም ሳይሆን የእነሱ ፈረስ ያልቅ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1719 ወደ 1,700 ፈረስ ሞተ። በ1854 እና በ1855 ደግሞ ወደ 70,000 ገደማ አለቀ፤ ይህ በኬፕ ከነበረው ፈረስ ከመቶ 40 በላይ ነው። ታሞ የዳነ ፈረስ ከተገኘ ዋጋው አይቀመስም ነበር።

ታዲያ ገበሬዎቹ ዝም ብለው አላዩም። ውጭ ያደረ ፈረስ ይሞታል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በረት ገብቶ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ የወጣ ግን ይተርፋል። ተራራ ላይ የከረመም ይተርፋል። ውርጭ ሲመጣ በሽታው ይቆማል። ስለዚህ "መርዙ ጤዛው ውስጥ ነው" አሉ። ልብ በሉ! ምክንያቱን ስተዋል፣ ዘዴውን ግን አግኝተውታል።

ታሪኩ እኛም ጋ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ሊዋጋ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረደ። 44 ዝሆን ሳይቀር ከህንድ ያመጣ ጦር ነበር። ነገር ግን ወደ መቅደላ ገና ሳይነሳ፣ እዚያው ቆላ ላይ ፈረሶቹ በዚሁ በሽታ ይረግፉበት ጀመር። ለተረፉት የሚሻለው ቶሎ ወደ ደጋው ማውጣት ነበር። ያን ያህል መሣሪያና ገንዘብ የያዘ ጦር፣ ፈረሶቹን ምን እየገደለበት እንደሆነ አያውቅም ነበር።

መልሱ ቀስ በቀስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1900 የበሽታው መነሻ በተራ ማጉያ መነጽር የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ፣ ዛሬ ቫይረስ የምንለው፣ መሆኑ ታወቀ። በ1944 ደግሞ ዱ ቶይት የተባለ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪ ቫይረሱን ከፈረስ ወደ ፈረስ የምታደርሰው ኩሊኮይደስ የምትባል ጥቃቅን ትንኝ መሆኗን አሳየ።

ይቺ ትንኝ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። ደም የምትመጠው ሴቷ ናት። በብዛት የምትናከሰው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሌሊትና ማለዳ ነው። የምትራባው እርጥብ ጭቃና እበት ላይ ነው። ክንፏ ደካማ ስለሆነ ነፋስ አትችልም፣ ብርድም አትወድም። አያችሁ? የድሮዎቹ ገበሬዎች ያዩት ሁሉ እውነት ነበር። ጤዛውና ትንኟ በአንድ ሰዓት ስለሚመጡ ነው ጥፋቱ በጤዛው የተላከከው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ይህን ነው፦

1. ከመስከረም እስከ ኅዳር ፈረስና በቅሎ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይግቡ፤ የሚወጡት ጤዛው ሲደርቅ ነው። ረግረግ ዳር አታሳድሯቸው።
2. የበረቱን ጭቃና እበት ጥረጉ፣ ውኃው የሚወርድበት ቦይ ቅደዱ።
3. ምሽት ላይ በረቱ ደጃፍ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ኩበት አጭሱ። ዝግ ቤት ውስጥ ግን አይሆንም፤ ጭሱ ራሱ ሳንባ ይጎዳል። የአልጋ አጎበርን ብቻ አትመኑ፤ ይቺ ትንኝ በቀዳዳው ልትሾልክ ትችላለች።
4. ከሁሉ በላይ ክትባት! መድኃኒት የለውም፤ ከታመሙ ፈረሶች አብዛኞቹ ይሞታሉ። በቅሎም ይሞታል፣ አህያ ግን ይሻላል። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ወቅቱ ሳይደርስ አሁን የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ባፍንጫ አረፋ ካያችሁ እንስሳውን አታሠሩት፤ ያኔውኑ ለባለሙያ ደውሉ።

እናንተም ምሽት ማሳ ስትጠብቁ ትንኟ ካስቸገረቻችሁ ዘዴው ያው ነው፦ ከረግረግ ራቁ፣ ነፋስ የሚያገኘው ከፍታ ላይ ተቀመጡ፣ እጅና እግራችሁን ሸፍኑ። የፈረሱ በሽታ ሰው አይዝም፣ ንክሻዋ ግን እንቅልፍ ይነሳል።

ጎረቤታችሁ ፈረስ ካለው ይህን አንብቡለት። ሰላም ክረሙ!