ፊልሙ ሳያልቅ ያለቀው ካሴት

እስቲ ራሳችሁን አሜሪካ ውስጥ፣ 1977 ላይ አድርጋችሁ አስቡት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ማታ በቴሌቪዥን የሁለት ሰዓት ፊልም አለ፤ እናንተ ግን የሌሊት ፈረቃ ገቢ ናችሁ። ዩቲዩብ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ መቅጃ ልትገዙ ሱቅ ገባችሁ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዓይነት አለ፦ የሶኒ ቤታማክስ እና ጄቪሲ የፈጠረው ቪኤችኤስ። የአንዱ ካሴት ለሌላው አይገባም። የቱን ትወስዳላችሁ?

«በጥራት የሚበልጠው ቤታማክስ ነበር፣ ያሸነፈው ግን ሌላው ሆነ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም ቁጥሩን ቁጭ ብዬ እስክሠራው ድረስ አምኜው ነበር።

አብረን እንሥራው። በ1975 የወጣው ቤታማክስ ቴፑን በሴኮንድ 4 ሴንቲ ሜትር ያስኬዳል። አንድ ሰዓት 3,600 ሴኮንድ ስለሆነ ሲባዛ 144 ሜትር ይመጣል። ካሴቱ የሚይዘው ደግሞ 150 ሜትር ገደማ ነው። በቃ፣ አለቀ! ፊልሙ ግን ገና ግማሹ ላይ ነው። በ1976 ጃፓን ውስጥ የወጣው ቪኤችኤስ ፍጥነቱ በሴኮንድ 3.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ካሴቱም ተለቅ ስለሚል ከ240 ሜትር በላይ ይይዛል። ሁለት ሰዓት ሞላ ማለት ነው።

ቆይ፣ እንዲህ የሚንቀራፈፍ ቴፕ ላይ በሴኮንድ በሚሊዮን የሚቆጠር የምስል ለውጥ እንዴት ይጻፋል? ዘዴው ቴፑን ማሮጥ አይደለም። ቴክኒሻኖች ሄድ የሚሏቸው መቅጃዎች የተገጠሙበት ከበሮ በሴኮንድ 30 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ሄዶቹም ቴፑ ላይ ጋደል ያሉ መስመሮችን እያሰመሩ ያልፋሉ። የቪኤችኤስ ከበሮ ወርዱ 6.2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሄዱ ቴፑን በሴኮንድ ወደ 6 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይጠርገዋል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ብልሃት ያለበት የቤት ዕቃ ብዙ አላውቅም።

ሶኒም ዝም አላለም፤ የቴፑን ፍጥነት በግማሽ ቀንሶ ሁለት ሰዓት አስገባ። ያኔ ግን ያ የተወራለት የጥራት ብልጫ አብሮ ሳሳ። በዚያው በ1977 አርሲኤ አራት ሰዓት የሚቀዳ ቪኤችኤስ ገበያ ላይ አወጣ፤ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ከነማስታወቂያው የሚችል ነበር።

ሌላው ጣጣ ፍርድ ቤት ነበር። ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ «መቅዳት ስርቆት ነው» በሚል ሶኒን በ1976 ከሰሱ። በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ በኋላ ለማየት ቤት ውስጥ መቅዳት ይቻላል ብሎ ወሰነ። ሶኒ ተሟግቶ ያሸነፈው ለተቀናቃኙም ጭምር ሆነ፣ ያሳዝናል። በ1988 ራሱም ቪኤችኤስ ማምረት ጀመረ።

ቤታችሁ የድሮ የሰርግ ካሴት ካለ ለኩት። ርዝመቱ 18.7 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቪኤችኤስ ነው፤ 15.6 ከሆነ ቤታ። ቪኤችኤስ ሆኖ ኢ-180 የሚል ከተጻፈበት፣ 180 ደቂቃ ማለት ነው። በኛ አገር ፓል ስርዓት ቴፑ በሴኮንድ 2.34 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ውስጡ ቢያንስ ስንት ሜትር ቴፕ እንዳለ አስሉት፤ ቴፑን በጣት እንዳትነኩት ብቻ።