ቁመታዊው ስንጥቅና በውስጡ ያለው፦ የአንጎል የመሐል መስመር አሰያየምና ለሕክምና ያለው ፋይዳ

የራስ ቅል ተከፍቶ የሰው አንጎል ከላይ ሲታይ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት የሚዘልቅ አንድ ጥልቅ ስንጥቅ ግራና ቀኝ ለይቶት ይታያል። የላቲን ስሙ ፊሱራ ሎንጂቱዲናሊስ ሰረብሪ ነው፤ ቁመታዊ የአንጎል ስንጥቅ ብንለው ያስኬዳል። በአናቶሚ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለቱን ንፍቀ አንጎሎች ይለያል። አባባሉ ትክክል ቢሆንም ስንጥቁን ባዶ ቦታ ያስመስለዋል። በእኔ ግምት ስንጥቅ መጠናት ያለበት በውስጡ ከሚያልፈውና በግድግዳው ላይ ካለው ነገር ጋር ነው፤ አለዚያ አልጋው አጠገብ የቆመውን ሐኪም አይጠቅመውም።

ስሙን የሰማ ሰው አንድ ሙሉ አካል በኋላ ለሁለት የተሰነጠቀ ሊመስለው ይችላል። የሽል እድገት ግን ይህን አያሳይም። በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ከፊተኛው የአንጎል ከረጢት ግራና ቀኝ ሁለት እብጠቶች ብቅ ይላሉ፤ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ኋላ እየሰፉ ሲሄዱ መሐሉ ባለበት ይቀራል። ቁመታዊው ስንጥቅ እንግዲህ ሁለት ጎረቤቶች ሲያድጉ በመካከላቸው የቀረ ቦታ ነው። ሂደቱ ሲሰናከል ሆሎፕሮዘንሰፋሊ የሚባለው የአፈጣጠር ችግር ይከሰታል፤ በከፋው ዓይነቱ ስንጥቁ ጭራሽ ስለማይኖር የፊት አንጎል አንድ ወጥ ሆኖ ይቀራል።

በስንጥቁ ውስጥ ፋልክስ ሰረብሪ የሚባል ጠንካራ የአንጎል ሽፋን እጥፋት ተንጠልጥሎ ይገኛል። ፋልክስ ማጭድ ማለት ሲሆን ቅርጹም ያንኑ ይመስላል፤ ከፊት ጠበብ ብሎ ከራስ ቅል ወለል ላይ ይነሣና ከኋላ ሰፍቶ የትንሹን አንጎል ጣሪያ ከሚሠራው ሽፋን ጋር ይጋጠማል። በላይኛው ጠርዙ ውስጥ ከአንጎል የሚመለሰውን ደም የሚሰበስበው ትልቁ የደም መልስ መተላለፊያ ይሄዳል። ከሥሩ የፊተኛው አንጎል ደም ቅዳ ቧንቧዎች ከግራና ከቀኝ ተጠጋግተው ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። መሐሉ ላይ የስንጥቁ ወለል ኮርፐስ ካሎሰም ነው፤ 200 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ክሮች ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኙት በእሱ በኩል ነው። ከአንጎል ገጽ ተነሥተው ወደ ላይኛው መተላለፊያ የሚሻገሩት ቀጫጭን ደም መልሶች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በእርጅና አንጎል ሲኮማተር እነዚህ ሥሮች ይወጠራሉ፤ ያኔ ቀላል የምትመስል የራስ ምት እንኳ ልትበጥሳቸውና ከሽፋኑ ሥር ደም እንዲጠራቀም ልታደርግ ትችላለች።

የስንጥቁ ግድግዳ ይበልጥ ትኩረት ይሻል። እግርንና የእግር ጣቶችን የሚያዝዘው የአንጎል ገጽ የሚገኘው በውጪ በኩል ሳይሆን ወደ ስንጥቁ ታጥፎ በገባው ክፍል ላይ ነው። የግራውና የቀኙ የእግር ማዘዣ በፋልክስ ብቻ ተለያይተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከፋልክስ የሚነሣ ሜኒንጂዮማ የተባለ እጢ በመሐላቸው ቀስ እያለ ሲያድግ ሁለቱንም ይጫናል። በሽተኛው እጁና ፊቱ ደህና ሆነው ሁለቱ እግሮቹ እየከበዱና እየደረቁ ይመጣሉ፤ አንዳንዴም ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል። ይህ መልክ ከኅብለ ሰረሰር በሽታ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ምርመራው ወደ ጀርባ ያዘነብላል። የፊተኛው ደም ቅዳ በአንድ ወገን ሲዘጋ ደግሞ ስትሮኩ ከእጅ ይልቅ ተቃራኒውን እግር የሚያደክመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቁመታዊ የሚለው ገላጭ ከአንጎል ውጪ ላሉ አካላትም ያገለግላል። ኅብለ ሰረሰርም በፊቱ በኩል የራሱ ቁመታዊ ስንጥቅ አለው፤ የፊተኛው የኅብለ ሰረሰር ደም ቅዳ በዚያው መስመር ይወርዳል። በጀርባው ያለው ግን ጥልቀት ስለሌለው ስያሜው ስንጥቅ አይለውም፤ ሱልከስ፣ ማለትም ቦይ፣ ይለዋል። በአከርካሪው አጥንቶች ጀርባ የሚወርደው ቁመታዊ ጅማት ወገብ ላይ ሲደርስ ይጠባል፤ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ሰርጎ ነርቭ የሚጫነው ስለዚህ ነው። በአንጎል ግንድ ውስጥ የሚያልፈው የመሐል ቁመታዊ የነርቭ ዘለላ ሲጎዳ በዚያ ወገን ያለው ዓይን ወደ አፍንጫ መዞር ያቅተዋል። ይህ ምልክት በወጣት ሰው በሁለቱም ዓይኖች ላይ ሲታይ መልቲፕል ስክለሮሲስን ያስጠረጥራል።

ስያሜዎቹ ሁልጊዜ እንዲህ ሥርዓት የያዙ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1895 የጀርመን አናቶሚስቶች ማኅበር በባዝል ከተማ ሲሰበሰብ፣ በየመጽሐፉ ተበታትነው የነበሩትን 50,000 ያህል ስሞች አበጥሮ ወደ 5,500 ገደማ አወረዳቸው። ዓላማው አንድ አካል አንድ ስም እንዲኖረው፣ ስሙም በተቻለ መጠን ቦታን፣ ቅርጽን ወይም አቅጣጫን እንዲናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዓለም አቀፍ ዝርዝርም በዚሁ መንገድ ስለሄደ በሰው ስም ይጠራ የነበረውን የጎኑን የሲልቪየስ ስንጥቅ የጎን ቦይ ብሎ መዝግቦታል። ቀዶ ሐኪሞች ግን ዛሬም ሲልቪየስ ነው የሚሉት፤ ቱርካዊው ጋዚ ያሳርጊል በዙሪክ በማይክሮስኮፕ እየተመራ የአንጎል ደም ቧንቧ እብጠት ላይ ለመድረስ የከፈተው መንገድ በዚያው ስም ታወቀ። ማንንም አልወቅስም፤ ልማድ ከኮሚቴ ይበረታል። ሆኖም ለተማሪ የሚበጀው የአቅጣጫው ስም ነው፤ ሲልቪየስ የሚለው ስም ስንጥቁ በየት በኩል እንዳለ አይነግረውም።

ቀዶ ሐኪሙ ወደ ሦስተኛው የአንጎል ክፍተት ለመግባት ሲፈልግ በዚሁ ቁመታዊ ስንጥቅ ይወርዳል፤ ፋልክስን በአንድ ወገን፣ ንፍቀ አንጎልን በሌላ ወገን ትቶ፣ የላይኛውን የአንጎል ገጽ ሳይቆርጥ ኮርፐስ ካሎሰም ላይ ይደርስና በእሱ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ያበጃል። የሚያዘገዩት እነዚያ ተሻጋሪ ደም መልሶች ናቸው፤ የት ቦታ እንደሚገባ የሚወሰነው እነሱን በማየት ነው።

ስለዚህ አናቶሚ ለሚያስተምሩ ባልደረቦች የምለው አለኝ፦ ቁመታዊው ስንጥቅ ሲሳል ማጭዱ፣ ቧንቧዎቹና የእግር ማዘዣው አብረው ይሳሉ። ለሐኪሞችም እንዲሁ፦ ሁለት እግሩ የደከመ ሰው የጀርባ ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ ወደ ቤቱ ከመሸኘቱ በፊት የጭንቅላቱ ምስል ይታዘዝለት።