«የፍሬን ዘይት» ስለሚባለው ፈሳሽ ስምና ታሪክ

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ፣ በየጋራዡ «የፍሬን ዘይት» የሚባለው ፈሳሽ ስሙን እንዴት እንዳገኘና ይኸው ስም ዛሬ ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት መመርመር ነው። ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ የሚጓዝ መኪና የጊቤን ቁልቁለት ሲወርድ፣ የመንገደኞቹ ሕይወት በዚህ ጥቂት ፈሳሽ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ ለታሪክ ተማሪም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ኦቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ያመጣው መኪና፣ እንደ ጊዜው መኪናዎች ሁሉ፣ ፍሬኑ በፈሳሽ አይሠራም ነበር። በፈሳሽ የሚሠራውን ፍሬን ያሻሻለው አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ ሲሆን፣ ዱዘንበርግ በ1921 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበ መኪና ላይ አዋለው፤ ክራይዝለርም ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስፋፋው።

በዚያ ዘመን በሰፊው ከተሠራባቸው ፈሳሾች አንዱ የጉሎ ዘይትና የአልኮል ድብልቅ ነበር። ጉሎ ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ ፍሬው ምጣድ የሚታሰስበት ነው። የተመረጠበትም ምክንያት፣ ከማዕድን የሚወጣ ዘይት በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች ሲያሳብጥ፣ የጉሎ ዘይት ግን የተፈጥሮ ጎማን ስለማይጎዳ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ «ዘይት» መባሉ ትክክል ነበር። ጣልያኖችም «የፍሬን ዘይት» ይሉታል፤ ሾፌሮቻችን መኪና፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላት ከእነርሱ እንደ ወረሱ ሁሉ፣ ይህም ስም በዚያው መንገድ ገብቶ ይሆናል ብለን እንገምታለን።

ይሁን እንጂ አልኮል በቀላሉ ይፈላል። ፈሳሹ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ መኪናውም አይቆምም። ስለዚህ በጉሎው ፋንታ ከግላይኮል ወገን የሆኑ ፈሳሾች ተተኩ። እነዚህ በእውነቱ ዘይት አይደሉም፤ ከአየር እርጥበት ይስባሉ። ዶት 3 የተባለው ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲገባባቸው ግን መለኪያው ወደ 140ና ወደ 155 ይወርዳል። በክረምት ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ ጠርሙስ የማይታመነው በዚህ ምክንያት ነው።

የስሙ ጉዳት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። «ዘይት ከሆነ ዘይት ይተካዋል» ብሎ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ ፍሬኑም ወይ ይነክሳል ወይ ይከዳል። እንዲህ የሆነበት መኪና መስመሩ ሳይታጠብና ጎሚኒዎቹ ሳይለወጡ መነዳት የለበትም። በአንጻሩ ሲትሮኤን በ1966 እ.ኤ.አ. ለአንዳንድ መኪናዎቹ አረንጓዴ የማዕድን ዘይት አወጣ፤ በእነዚያ ላይ ደግሞ የሚያበላሸው ግላይኮሉ ነው። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮንም ከግላይኮል ጋር አይደባለቅም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ነገሩ ሲለወጥ ስሙ እንዳለ መቅረቱን ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ፈሳሽ በስሙ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በመያዣው ክዳን ላይና በአምራቹ መጽሐፍ በተጻፈው ደረጃ ነው። ቃላት የዘመናቸውን ታሪክ ይዘው ይቆያሉ፤ ቁልቁለት ለሚወርድ ሾፌር ግን የሚበጀው የዛሬው ጽሑፍ ነው።